የማጆሬው የውሃ ሣር

ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር ወንድሜ ለጋሼ እንዳላማው፣
ናፖሊ።

ባሕርና በረሃ ቢለየንም ሰላምታዬ ሳይደክም ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገን በሕይወት አለሁ። እናትዎ እማሆይ ወለተ ሚካኤልም ሉማሜ ከቤታቸው ደህና ናቸው፤ ከጸሎታቸው አልተለዩም።

ዝምድናችን ከአያቶቻችን ስለሆነ ማን እንደጻፈልዎ ግር ይልዎት ይሆናል። የመሪጌታ አበረ ልጅ ሥራነሽ ነኝ። በሠርጌ ቀን ሚዜዎቹን በግጥም አስጨንቀው ላብ በላብ ያደረጓቸው እርስዎ ነዎት። በዓመቱ ጣሊያን ማርኳቸው ከጌታዎ ጋር በመርከብ ተወሰዱ ሲባል ከእናትዎ ጋር አልቅሻለሁ።

ባለቤቴ አወቀ ከነሐሴ ጀምሮ እዚህ ደብረ ማርቆስ ታስሯል። ጥፋቱ እንግዳ ማሳደር ነው። ዝናብ ያገኛቸው ሰዎች ሉማሜ ከቤታችን መጥተው አደሩ፤ በኋላ ሽፍቶች ናቸው ተባለ፤ የመሸበትን ሰው ከየት መጣህ ብሎ ከደጅ መመለስ ባገራችን ነውር መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ። ከእሱ ጋር የታሰሩት በካሚዮን እየተጫኑ ወደ ሶማሌ በረሃ ይሄዳሉ። ስለ መሄዳቸው እንጂ ስለ መመለሳቸው እስካሁን አልሰማሁም።

እኔም ስንቅ ለማቀበል እንዲመቸኝ ብዬ በጣሊያኑ የጦር ሹም በማጆሬው ቤት ሠራተኛ ሆኜ ገባሁ። የእስረኞቹን መላክም መፈታትም የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። ከሳሎናቸው መስኮት አጠገብ ሁለት ክንድ የሚረዝም የመስተዋት ገንዳ አላቸው። ውሃ ሞልቶበት ጣት የማያህሉ ዓሣዎች ይዋኙበታል፤ ከአሸዋው ላይ ደግሞ ግንዱ ቀጥ ብሎ የሚያድግ ሣር ተተክሏል። ሰው ዓሣውን ሳይበላ፣ ሣሩንም ለከብት ሳይሰጥ፣ ለማየት ብቻ ብሎ ሲያስቀምጥ ያየሁት ገና አሁን ነው።

ይህ ሣር በጣሳ ውሃ ሆኖ ከአገራቸው በአውሮፕላን የመጣ ነው። አሁን ግን እየሞተ ነው። ማጆሬው በአስተርጓሚያቸው በሱሩር አፍ እንዲህ አሉኝ፦ «ሚስቴ በመጋቢት ትመጣለች። ይህን ገንዳ የምትወደው እሷ ናት። ሣሩ ለምልሞ ከጠበቃት ባልሽን እፈታዋለሁ። ከሞተ ግን በሚቀጥለው ካሚዮን ይሄዳል።» ይህን ሲሉ አልተቆጡም፤ ቁርስ የሚያዙ ነበር የሚመስሉት።

እርስዎ እዚያ በመስተዋት ቤት ውስጥ የውሃ ተክል እንደሚጠብቁ እናትዎ እማሆይ ነገሩኝ። በእመቤታችን ይዤዎታለሁ፣ ምን ላድርግ? ግንዱ ከሥር እየጠቆረ ቅጠሉ ይረግፋል፤ አረንጓዴ የቀረው አናቱ ብቻ ነው። ፍግ ላድርግበት ብዬ ሳመጣ ሱሩር አፍንጫውን ይዞ ከደጅ መለሰኝ። ይህ ወረቀት ሲደርስዎ አይዘግዩብኝ። የአወቀ ነፍስ በዚህ ሣር ላይ ተንጠልጥላለች።

እህትዎ ሥራነሽ አበረ


ናፖሊ፣ ኅዳር 25 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለወይዘሮ ሥራነሽ አበረ።

የእግዚአብሔር ሰላም በቤትሽም፣ ስንቅ ይዘሽ በምትቆሚበት በእስር ቤቱ ደጃፍም አይለይሽ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ የጮቄን ተራራ ያስንቃል፤ የምውልበት መስተዋት ቤት ግን ይሞቃል። ሠርግሽን እንዴት እረሳለሁ? ሚዜዎቹ ግጥም ሲያልቅባቸው አወቀ ሙሽራነቱን ረስቶ ተነሥቶ ሊረዳቸው ሲል ነው የሳቅሁት። የእሱን መታሰር ስሰማ እህል አልወርድልህ አለኝ።

ሣሩ አልታመመም፤ ጨለማ በላው እንጂ። የነዚህ ተክሎች ጠባይ አናታቸው ወደ ብርሃን መሮጥ ነው። ሲረዝሙ የገዛ ጥላቸው በሥራቸው ላይ ይወድቅና የታችኛው ቅጠል ብርሃን አጥቶ ይበሰብሳል። ስለዚህ ቁረጪ፣ አትፍሪ። አረንጓዴውን አናት አንድ ስንዝር ያህል ከአንጓው በታች በስለት ቁረጪው። የታችኛዎቹን ሁለት አንጓዎች ቅጠላቸውን መልምዪና እነሱ እስኪቀበሩ ድረስ በአሸዋው ትከዪ። ሥር የሚያወጣው ከአንጓው ነው። ከጎረቤት የጤና አዳም ቅንጣቢ ለምነሽ እንደምትተክዪው አድርጊ። አንድ ላይ አስረሽ አትትከዪ፤ እያንዳንዱን በጣት ስፋት አራርቂው። የቀረው ጉቶ ጤነኛ ከሆነ አትንቀዪው፤ ከጎኑ ሁለትም ሦስትም ያቆጠቁጣል። የጠቆረውን ግን አውጥተሽ ጣዪው።

ውሃውን በአንድ ቀን ሁሉንም አትለውጪ። በሳምንት ሲሶውን ቀድተሽ አውጪና በቤት ያደረ ውሃ መልሺበት፤ ከምንጭ እንደመጣ ከጨመርሽው ሣሩ ይደነግጣል። ብርድ ሲሆን ገንዳውን በጋቢ ሸፍኚው። መስተዋቱን የሚይዘውን አረንጓዴ እድፍ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊ፤ ጨርቁ እንዶድ የነካው እንዳይሆን፣ ዓሣዎቹን ይፈጃቸዋል። ፍጉን ለጎመንሽ ተዪው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ስትቆርጪ ማንም እንዳያይሽ። አባትሽ መሪጌታ መድኃኒት ሲቀምሙ ቅጠሉን ለማን አሳይተው ያውቃሉ? የኔም አባት ሥር ሊምሱ ሲወጡ ከገዛ ልጃቸው ተደብቀው ነበር። መድኃኒት ከተገለጠ ይረክሳል ይሉ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጥበቡን አሳልፎ የሰጠ ሰው እንደ አሮጌ ቁና ይጣላል እላለሁ። እዚህ ስቆርጥም ስተክልም በሩን እዘጋለሁ። ተክሉ በኔ እጅ ለምን እንደሚለመልም ጣሊያኖቹ አያውቁም፤ ስለዚህም አክብረው ይዘውኛል። አንቺም የምታስፈልጊ ሰው ሁኚ። የምታስፈልጋቸውን ሴት ባሏን አይነኩባትም።

ለእናቴ በቅርብ እመጣለሁ ብሏል በያት።

ወንድምሽ እንዳላማው


ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 17 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ እንዳላማው።

ወረቀትዎ በከተራ ዕለት ደረሰኝ፤ ታቦቱ ሲወርድ እኔ ከሰው ኋላ ቆሜ እሱን ነበር የማነበው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ለጻፉበት እጅ ዕድሜ ይስጥልኝ።

ያሉኝን ለማድረግ ግን ሁለት ቀን አቃተኝ። ማጆሬው ሲያስረክቡኝ ግንዶቹን ቆጥረው ነው የሰጡኝ፣ ሃያ ሦስት ናቸው። ሰው አደራ የተቀበለውን እንደተሰጠው ይመልሳል እንጂ ቆርጦ ይመልሳል እንዴ? ምላጩን ይዤ ገንዳው ፊት እቆማለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። በስንቅ ቀን ለአወቀ ብነግረው፣ እስር ቤቱ ካመጣበት ሳል መካከል ሳቀብኝ። «ቆጥሮ የሰጠሽን አብዝተሽ ብትመልሺለት ዳኛ ይጠራብሻል? ቁረጪው!» አለኝ።

ማጆሬው ወደ ምሽጉ ሲወጡ የሳሎኑን በር ዘግቼ ቆረጥኩ። ዐሥራ አራት ተከልኩ። በማግስቱ ስገባ ስድስቱ ከአሸዋው ወጥተው ከውሃው ላይ ተንሳፍፈዋል። እንደገና ተክዬ በእያንዳንዱ እግር ሥር ጠጠር አስደገፍኩ፤ ይኸው አራተኛ ቀናቸው፣ ቆመዋል። የራሴን ጋቢ ለገንዳው አልብሼ እኔ በነጠላ ነው የምሰነብተው። ማጆሬው ብርዱን ሲፈሩ እኔን ሳይሆን ዓሣዎቻቸውን ነው የሚጠይቁት።

ሱሩር ምን እንዳደረግሁበት ቢጠይቀኝ ዳዊት ደገምኩበት አልኩት፤ አመነኝ። ምክርዎን እንደጠበቅሁ ይወቁልኝ።

ባለፈው ሳምንት ካሚዮኑ መጥቶ ዐሥራ አንድ ሰው ጫነ። ከኮረብታው ሆኜ አንድ በአንድ ቆጠርኩ፤ አወቀ አልነበረበትም። የሚመጣውን አላውቅም። ለመቁረጥ የሚደርሰው ስንት ሲረዝም ነው? አዲሱ ቅጠል ከአሮጌው አነስ ብሎ ቢወጣ ክፉ ምልክት ነው? እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ።

በቅርብ ይመጣል ያሉኝን ለእማሆይ ነገርኳቸው።

እህትዎ ሥራነሽ


ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት 24 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ እንዳላማው።

እግዚአብሔር ጤና ያድርግልዎ። ከጥር ወዲህ ሁለት ወረቀት ልኬ መልስ አላገኘሁም። ታመው እንደሆነ ማርያም ትማርዎ፤ ተቀይመውኝ እንደሆነ ግን በምን እንደሆነ ይንገሩኝ።

ሣሩ ለመለመ። እንዲያውም ከልክ አለፈ። ከሃያ ሦስት ተነሥቶ ስልሳ ደርሷል፤ አናቱ ላይ ደግሞ እንደ በርበሬ የሚቀላ ቅጠል አወጣ። ሚስታቸው ሲኞራዋ ባለፈው ሰኞ በአውሮፕላን መጡ። ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ከገንዳው ፊት ተንበረከኩ፣ አጨበጨቡ፣ የማጆሬውንም ጉንጭ ሳሙ። እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ «አወቀ ተፈታ!» ብዬ በልቤ እልል አልኩ።

በማግስቱ ስለ ቃላቸው ልጠይቅ ገባሁ። ማጆሬው ተናገሩ፤ ሱሩር መሬት መሬት እያየ ተረጎመልኝ፦ «ሲኞራ ይህን ገንዳ ከአንቺ በቀር ማንም እንዳይነካው አለች። ምሥጢሩን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ባልሽን ከፈታሁት ወደ አገርሽ ይዞሽ ይሄዳል። ስለዚህ በካሚዮን አልልከውም፣ አልፈታውምም። እዚሁ ይቆይልሽ።» ከዚያም ስኳር ስጧት ብለው አዘዙ። ሱሩር «እጅ ንሺ» ብሎ በሹክሹክታ ነገረኝ፤ እጅ ነሥቼ ስኳሬን ይዤ ወጣሁ።

ጋሼ፣ በእርስዎ ልቆጣ ነው፤ በማን ልቆጣ? የምታስፈልጊ ሁኚ አሉኝ፣ ሆንኩልዎ። ዛሬ ጠዋት እጄን ከክንዴ ድረስ ገንዳው ውስጥ አስገብቼ ሁሉንም ልመነግለው ነበር። ነገር ግን ከሞተ ካሚዮን አለ፤ ካልሞተ እስሩ አለ። የነቀልኩትን አንዱን ግንድ መልሼ ተከልኩት፣ እያለቀስኩ። አወቀ አሁን ሲያስል ወደ ግድግዳው ይዞራል፤ መሐረቡን እንዳላይበት ነው። ክረምቱን በዚያ ቤት አይወጣውም።

በቅርብ እመጣለሁ ካሉስ ስንት ወር ሆነዎ?

ሥራነሽ


ናፖሊ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለሥራነሽ።

ሰላምታ ለማብዛት ፊት የለኝም። ይህን ወረቀት በፖስታ አላስገባሁትም፤ ወደ አገሩ በሚመለሰው በአካለ ወልድ እጅ ልኬልሻለሁ። እሱና እኔ በአንድ መርከብ መጥተን ነበር። ዛሬ እሱ ይሄዳል፣ እኔ እቀራለሁ።

ወረቀቶችሽ ሁሉም ደርሰውኛል። ያልመለስኩት አፍሬ ነው። በጥር ወር ወደ አገራቸው የሚሸኙት ሰዎች ስም ሲነበብ የኔም ስም ነበረበት። የምሠራበት የአትክልት ቦታ ሹም ዝርዝሩን ተቀብሎ ስሜን በቀይ ሰረዘው። «ይህ ሰው ከሄደ የውሃው ተክል ያልቃል፤ እንዴት እንደሚያደርገው ማንም አያውቅም» አለ። እኔ ለእናቴ በቅርብ እመጣለሁ ብዬ የላክሁት፣ ይወዱኛልና ቀድሜ እሸኛለሁ ብዬ ነበር። በሩን የምዘጋው በነሱ ላይ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በራሴ ላይ ነው የዘጋሁት። ይባስ ብዬም ያንኑ ምክር ለአንቺ ላክሁልሽ። ይቅር በይኝ።

ሣሩን አትንቀዪ። አሁን የምልሽን አድርጊ፤ ሲኞራዋን አስተምሪያት። ስለቱን ከእጇ አስገቢላት። አንጓውን አሳዪያት፣ ቅጠሉን ትመልምል፣ ራሷ ትትከል። ስትሳሳት አትሽቀዳደሚባት፤ ይበስብስባት፣ እንደገና ትቁረጥ። አንድም ነገር አትደብቂ፤ የውሃውን ልክም፣ የጠጠሩንም፣ የጋቢውንም ሁሉንም ንገሪያት። በእጇ የተከለችው አንድ ጊዜ ሥር ከሰደደ ሌላ ሰው እንዲነካባት አትፈልግም። የተከለ ሰው ቅናተኛ ነው፤ ከራሴ አውቀዋለሁ።

ይህን ለሰው መምከር ቀላል ነው። እኔ ግን ይህን እየጻፍኩ እንኳ በሩ ተዘግቷል። ዕድሜዬን ሙሉ እንደ ንብረት የቆጠርኩት ይህን አንድ እውቀት ነው፤ ከሰጠሁት በኋላ ደግሞ ቢያስቀሩኝስ? ያን ጊዜ ምን ይዤ እኖራለሁ? ይህ ፍርሃት እንደያዘኝ ነው።

ለእናቴ ደህና ነው በያት።

እንዳላማው


ሉማሜ፣ ሰኔ 28 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ እንዳላማው።

ወረቀቱን የምጽፈው ከየት እንደሆነ ከላይ አይተውታል። እግዚአብሔር እንዲህ ያለ ቀን ለእርስዎም ያምጣልዎ።

አካለ ወልድ በግንቦት መጥቶ ወረቀትዎን ሰጠኝ። ያን ዕለቱን ምላጩን በሳህን አድርጌ ለሲኞራዋ አቀረብኩላቸው። መጀመሪያ ሳቁ። የመጀመሪያውን ከአንጓው ራቅ አድርገው ቆረጡት፤ ጉቶው በሳምንቱ አተላ ሆኖ ተዘረገፈ። ተቆጥተው ጓንታቸውን ወረወሩ። እኔም በሱሩር አፍ «የኔም ስድስቱ ተንሳፍፈውብኝ ነበር፣ እመቤቴ» አልኳቸው። እንደገና ቆረጡ። በሁለተኛው ሳምንት ከአንጓው ነጭ ክር የመሰለ ሥር ብቅ ሲል ማጆሬውን ከነሰነዳቸው በእጅጌያቸው ጎትተው አመጧቸው።

ከዚያ ወዲያ ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት ሆነ። እጅሽ ቆሽሿል ይሉኝ ጀመር። አቀራርበሽ ተክለሻል ብለው የኔን ነቅለው የራሳቸውን ተከሉ። ውሃውን እኔ ስቀዳ ቆመው ይጠብቁኛል፤ በኋላ ባልዲውን ራሳቸው ያዙት። ሰው ሲሰደብ ደስ ይለዋል ቢሉኝ አላምንም ነበር። አንድ ማክሰኞ «ይህች ሴት ውሃዬን ታደፈርስብኛለች፤ ከዚህ ቤት ትሂድልኝ» አሉ። ማጆሬው ቃላቸውን አስታወሱ እንዳልል፣ ቃላቸው ትዝ ያላቸውም አልመሰለኝም። ብዕራቸውን አንሥተው የአወቀን መፈቻ ፈረሙ፤ ፊርማው አንድ መስመር ነው። አሥር ወር ሙሉ ለአንድ መስመር!

አወቀ ረቡዕ ወጣ። ግድግዳውን እየያዘ ነበር፤ ደገፍኩት። በበቅሎ ጭኜ በሁለት ቀን ከቤታችን አስገባሁት። ሳሉ አልለቀቀውም፤ ግን ይበላል፣ ትናንት ደግሞ ጎመኑን አጎሳቁለሽዋል ብሎ ተቆጣኝ።

አሁን እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልዎን ልጻፍ። እናትዎ ደህና ናቸው እያልኩ የጻፍኩት ሁሉ እውነት አልነበረም። ዓይናቸው ካምና ጀምሮ ደክሟል፤ ሰውን በድምፁ ነው የሚያውቁት። ደህና ነው ብሏል ስላቸው «ደህና ነው አትበይኝ፤ ማን ነው ያስቀረው?» ይሉኛል። በአካለ ወልድ እጅ የላኩትን ወረቀት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። ቢከፋዎም አነበብኩት። እሳቸውም «ታዲያ አሁንም በሩን ይዘጋል?» ብለው ጠየቁኝ።

ምን ልበላቸው?

እህትዎ ሥራነሽ


ናፖሊ፣ ኅዳር 12 ቀን 1932 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለሥራነሽ።

ለአንቺም ለአወቀም ሙሉ ጤና ይስጣችሁ፤ የጎመኑ ቁጣ ይብዛላችሁ።

ወረቀትሽ በነሐሴ መጨረሻ ደረሰኝ። ሦስት ቀን በኪሴ ይዤው ዞርኩ። በአራተኛው ቀን በሩን ከፈትኩ። መስተዋት ቤቱን የምትጠርግ ሮዛ የምትባል ባልቴት አለች፤ ምን እንደምሠራ ሁለት ዓመት ሙሉ በጠየቀችኝ ቁጥር ዳዊት ነው እያልኩ ሸኝቻታለሁ። አንቺም ያን ለሱሩር ማለትሽን ሳነብ ዘመዴ መሆንሽን አምኜ ነበር። ጠርቼ ስለቱን ሰጠኋት።

ሮዛ ሦስት ረድፍ አበሰበሰች። የአትክልቱ ሹም ጮኸብን፤ ዳቦዬንም ለሳምንት ቀነሰ። እጄ ይበላኝ ስለነበር ከኋላዬ አጣምሬ ያዝኩት፤ አልነካሁላትም። በጥቅምት ግን የእሷ ረድፍ ከኔ በልጦ ቀላ። አልዋሽሽም፣ ቀናሁ። አንድ ቀን ጠዋት ልነቅልባት ተነሥቼ እናቴን አስቤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሹሙ ሲገባ ሰላምታ የሚሰጠው ለእሷ ሆነ፤ ተክሉን የሚጠይቀው እሷን ሆነ። እኔ መጥረጊያውን ያዝኩ።

ዛሬ ጽሕፈት ቤት አስጠሩኝ። ሹሙ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ለታኅሣሥ መርከብ ስሜን በዝርዝሩ ላይ ጻፈና ወረቀቱን ገፋ አደረገልኝ። የተናገረኝን ቃል ከደጅ ወጥቼ ለራሴ ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ከደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ይህን ለእናቴ ጮክ ብለሽ አንብቢላት፦ ልጅሽን ከእንግዲህ አታስፈልግም ብለውታል።

እንዳላማው